ኤች.ፒ. ማለት ምን ማለት ነው? አንድ አሕጽሮተ ቃል በልዩ ልዩ ሙያ ስላለው ትርጉምና ለነጋዴ ስለሚያሻው ጥንቃቄ

ንግድ ጊዜንና ወረቀትን መቆጠብ የሚወድ ሥራ በመሆኑ፣ ነጋዴዎች ረጅሙን ቃል በአጭር ምልክት መጻፍን ከጥንት ጀምሮ ልማድ አድርገውታል። በካታሎግ፣ በዋጋ ማቅረቢያ፣ በኢንቮይስ፣ በጭነት ሰነድና በዕቃው ሣጥን ላይ የሚታዩት ሁለትና ሦስት ፊደላት ብዙ ድካም እንደሚያድኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ያው ምልክት በሻጩ ዘንድ አንድ ነገር፣ በገዢው ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር የሆነ እንደ ሆነ፣ በቀለም የተቆጠበው በብር መከፈሉ አይቀርም።

በገዛ ቋንቋችን ያለውን ብንመለከት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። «ም/ቤት» ብለን ስንጽፍ ምክር ቤት ማለታችን ነው፤ «ም/ፕሬዚዳንት» ብለን ስንጽፍ ግን ያችው ፊደል ምክትል ማለት ሆነች። እንዲሁም «ወ/ማርያም» ሲባል ወልደ ማርያም፣ «ወ/ሮ» ሲባል ወይዘሮ ነው። እኛ በቋንቋው ውስጥ ስላደግን አንሳሳትም፤ ከውጭ አገር የመጣ ጸሐፊ ግን መዝገባችንን ቢከፍት ግራ መጋባቱ የማይቀር ነው። ከባሕር ማዶ በሚመጡት ፊደላት ፊት የእኛ ነጋዴ የሚቆመው ልክ እንደዚያ ጸሐፊ ሆኖ ነው።

ከእነዚህ ምልክቶች መካከል በገበያችን አዘውትሮ የሚታየውንና ትርጉሙ እጅግ የበዛውን አንዱን መርጠን እንመረምራለን፤ እርሱም «ኤች.ፒ.» ነው። ይህ ምልክት በመኪና ሻጭ ዘንድ የሞተር ጉልበት፣ በቦይለር ሻጭ ዘንድ የእንፋሎት መጠን፣ በጋዝ ዕቃ ሻጭ ዘንድ የግፊት ደረጃ፣ በላቦራቶሪ ዘንድ የጨጓራ ተሕዋስ፣ በጨዋታ መደብር የተጫዋች ሕይወት፣ በጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የፋብሪካ ስም፣ በእንግሊዝ አገር የገንዘብ ድርጅቶች ዘንድ ደግሞ የውል ዓይነት ነው። እያንዳንዱን በየተራው እንመልከት።

የፈረስ ጉልበት ከንግድ ክርክር የተወለደ ስለ መሆኑ

ከሁሉ የቆየውና የተስፋፋው ትርጉም የፈረስ ጉልበት ነው። ይህ መለኪያ በሊቃውንት ጉባኤ የተወሰነ ሳይሆን፣ ዕቃውን ለመሸጥ በፈለገ ሰው የተፈጠረ መሆኑ ለነጋዴ ደስ የሚያሰኝ ታሪክ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን የተሻሻለውን የእንፋሎት ሞተራቸውን ሲያከራዩ፣ ክፍያቸው ደንበኛው ከቀድሞው ሞተር ይልቅ በሚያተርፈው የድንጋይ ከሰል ዋጋ አንድ ሦስተኛ ነበር። ነገር ግን ወፍጮአቸውን በፈረስ የሚያስነዱ ሰዎች ከቀድሞም ከሰል አያነዱም ነበርና በከሰል ቍጠባ ሊከፍሉ አይችሉም። እነርሱ የሚጠይቁት «ይህ ሞተር ስንት ፈረስ ይተካልኛል?» የሚለውን ነበር።

ዋትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1782 እና በ1783 ዓ.ም. የወፍጮ ፈረስን ሥራ አስልቶ፣ አንድ ፈረስ በአንድ ደቂቃ 33,000 ፓውንድ ክብደት አንድ ጫማ ከፍ እንደሚያደርግ ወሰነ። ይህ በዛሬው መለኪያ 745.7 ዋት ገደማ ነው። ተራው ፈረስ ቀኑን ሙሉ ይህን ያህል መሥራት እንደማይችል የታወቀ ነው፤ ሞተሩ ከተነገረለት በታች ሠራ ብሎ የሚከራከር ደንበኛ ግን አይገኝም። መለኪያውም በዚህ ምክንያት በዓለም ሁሉ ተሠራጨ።

ሁለቱ ፈረሶች

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ የፈረስ ጉልበት አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ፈረስ ከላይ እንደተባለው 745.7 ዋት ሲሆን፣ በሜትር የሚለኩት አገሮች ፈረስ ደግሞ 75 ኪሎግራም ክብደትን በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር የሚያነሣ፣ ማለትም 735.5 ዋት ነው። ጀርመኖች ይህን ሁለተኛውን «ፒ.ኤስ.»፣ ኢጣልያኖች «ሲ.ቪ.» ብለው ይጽፉታል፤ የቻይና ፋብሪካዎች በፈረስ የሚገልጹትም ይህንኑ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጐም ግን ሁሉም «ኤች.ፒ.» እየተባለ ይጻፋል። ስለዚህ 100 የእንግሊዝ ፈረስ 74.6 ኪሎዋት ሲሆን፣ 100 የሜትር ፈረስ 73.5 ኪሎዋት ነው። ልዩነቱ ከመቶ አንድ ተኩል ስለማይሞላ በመንገድ ላይ አይታወቅም፤ በሰነድ ላይ ግን ይታወቃል። የባንክ መተማመኛ ሰነዱ አንዱን፣ ኢንቮይሱ ሌላውን ቍጥር የጠቀሰ እንደ ሆነ ክፍያውን የሚያዘገይ ጉድለት ሊሆን ይችላል።

ይህ «ፒ.ኤስ.» የተባለው ምልክት ራሱ ሌላ ወጥመድ ነው። ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች ዝርዝር ላይ «ፒ.ኤስ.» ሲጻፍ መሪው በኃይል የሚታገዝ ነው ማለት ነው፤ በጨዋታ ዕቃ መደብር ደግሞ ፕሌይስቴሽን የተባለው መሣሪያ ነው።

በወረቀት ላይ ያለው ጉልበትና በመንገድ ላይ ያለው ጉልበት

ሁለተኛው ጥያቄ ጉልበቱ የት ተለካ የሚለው ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች እስከ 1971 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ድረስ ሞተሩን ያለ አየር ማጣሪያ፣ ያለ ማራገቢያና ያለ ጭስ ማውጫ ሥርዓቱ ለብቻው አቁመው ይለኩ ነበር። ከ1972 ሞዴል ጀምሮ ግን ሞተሩ በመኪናው ውስጥ እንደሚሠራ ሆኖ፣ ዕቃውን ሁሉ ተሸክሞ እንዲለካ ተደረገ። በዚህም ምክንያት 8.2 ሊትር ሞተር የነበረው ካዲላክ ኤልዶራዶ በ1971 ዓ.ም. 365 ኤች.ፒ. ሲባል፣ በ1972 ዓ.ም. 235 ኤች.ፒ. ተባለ። የተለወጠው በዋነኛነት አለካኩ እንጂ ሞተሩ አልነበረም።

በአውሮፓም ደግሞ ለግብር ሲባል ብቻ የተፈጠረ ፈረስ ነበር። በእንግሊዝ አገር የግብሩ ፈረስ የሚሰላው በሲሊንደሩ ስፋትና ቍጥር እንጂ በእውነተኛው ጉልበት አልነበረም፤ ስለዚህም የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ግብሩን ለመቀነስ ጠባብና ረጅም ሲሊንደር ያላቸውን ሞተሮች መሥራት ለመዱ። በፈረንሳይ አገር በ1948 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በፓሪስ ትርኢት የቀረበችው ሲትሮኤን «ዱ ሼቮ»፣ ማለትም ሁለት ፈረስ፣ ስሟ የተወሰደው ከግብር ሠንጠረዡ ነው። 375 ሲ.ሲ. የነበረው ሞተሯ በእውነቱ የሚሰጠው 9 የፈረስ ጉልበት ነበር። አሮጌ መኪናና የመለዋወጫ ዕቃ የሚነግድ ሰው በስሟ ቢመራ ጉልበቷን ከሩብ በታች አድርጎ ይገምታል ማለት ነው።

የደጋው አየር የሚቀንሰው ጉልበት

ለእኛ አገር አስመጪ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን የሚከተለው ነው። በካታሎግ ላይ የሚጻፈው ጉልበት በባሕር ጠለል ወይም ለዚያ በቀረበ ከፍታ የተለካ ነው። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ስለ ሆነ፣ አየሩ በሳሳ ቍጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከመቶ ሦስት ያህል እንደሚያጣ በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ግምት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ፣ በወደብ 100 ኤች.ፒ. የነበረው ሞተር በመዲናይቱ ከ75 እስከ 80 ኤች.ፒ. ባለው ውስጥ ይወርዳል፤ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል።

ስለዚህ ለደጋ ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚሸጥ ባለሱቅ፣ ወይም ለደጋ ከተማ ጄኔሬተር የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ይህን ቅናሽ አስቀድሞ ሳያሰላ ቢያዝ «ዕቃው የተባለውን አይሠራም» የሚለው አቤቱታ ይደርስበታል። ዕቃው ተባለለት በተባለው ስፍራ የተባለውን ይሠራል፤ የተለወጠው ስፍራው ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን አጭቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያነሰ ነው።

የቦይለርና የአየር ማቀዝቀዣ ፈረስ

ሦስተኛው ዓይነት ፈረስ ከቀድሞዎቹ ጋር ፈጽሞ የማይወዳደር ነው። በአሜሪካ ፋብሪካዎች ቦይለር የሚሸጠው በ«ቦይለር ኤች.ፒ.» ነው፤ አንዱ የቦይለር ፈረስ በሰዓት 15.65 ኪሎግራም የፈላ ውሃን ወደ እንፋሎት ይለውጣል። ይህም 9.8 ኪሎዋት ሙቀት ነው። ስለዚህ የቦይለር ፈረስ ከሞተር ፈረስ 13 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ምክንያቱም መለኪያው የተነሣው በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረ ሞተር አንድ የፈረስ ጉልበት ለመስጠት ከሚፈልገው እንፋሎት ሲሆን፣ የዚያን ጊዜ ሞተሮች ከሙቀቱ ብዙውን ያባክኑ ስለነበር ነው።

ለምሳሌ አንድ የቆዳ ፋብሪካ ወይም ሆቴል 50 ኤች.ፒ. ቦይለር ቢያዝና ዕቃ አስመጪው የሞተሩን ሒሳብ ቢከተል፣ 490 ኪሎዋት በሚያስፈልግበት ቦታ 37 ኪሎዋት ያቀርባል። ነገሩን የሚያባብሰው፣ «ቢ.ኤች.ፒ.» የተባለው አጻጻፍ ለቦይለር ፈረስም፣ በሞተሩ ዘንግ ላይ ለሚለካው ጉልበትም የሚያገለግል መሆኑ ነው።

የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያም በእስያ ገበያዎች «1 ኤች.ፒ.» ወይም «1.5 ኤች.ፒ.» እየተባለ ይሸጣል። በዚያ ልማድ 1 ኤች.ፒ. የሚባለው በሰዓት 9,000 ቢ.ቲ.ዩ. ያህል የሚያቀዘቅዘው ነው፤ ይህም 2.6 ኪሎዋት የማቀዝቀዝ ኃይል ሲሆን ከመስመር የሚስበው ኤሌክትሪክ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቍጥሩን በ745.7 ዋት እያባዛ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያዘጋጅ ሰው በማይገባ መለኪያ እየተመራ ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ጄኔሬተርና ሶኬት

የእህል ወፍጮ፣ የቡና መፈልፈያና የሰሊጥ ማበጠሪያ የሚሠሩበት የኤሌክትሪክ ሞተር በሰሌዳው ላይ የሚጻፍለት ጉልበት የሚሰጠው እንጂ የሚስበው አይደለም። 20 ኤች.ፒ. ሞተር በዘንጉ ላይ 14.9 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ከሚስበው ከመቶ ዘጠናውን ወደ ሥራ የሚለውጥ ቢሆን ከመስመር 16.6 ኪሎዋት ይስባል። አንድ ባለወፍጮ «ሞተሬ 20 ነው፤ 20 ኬ.ቪ.ኤ. ጄኔሬተር ይበቃኛል» ቢል ይሳሳታል። 20 ኬ.ቪ.ኤ. የተባለው ጄኔሬተር በተለመደው ስሌት የሚሰጠው 16 ኪሎዋት ነውና። በዚያ ላይ ሞተር በቀጥታ ሲነሣ በሥራ ጊዜ ከሚስበው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ የሚደርስ ኤሌክትሪክ ለጥቂት ሰከንድ ይጠይቃል። ቍጥር ከቍጥር ቢመሳሰል መለኪያው ካልተመሳሰለ ዋጋ የለውም።

ባለሱቆች በቀላሉ ሊሠሩበት የሚችሉት አንድ ፍተሻም አለ። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ10 አምፔር ሶኬት ሊያሳልፍ የሚችለው 2,200 ዋት ነው፤ ይህም ሦስት የፈረስ ጉልበት አይሞላም። ስለዚህ በዚህ ሶኬት ላይ የሚሰካ የአቧራ መጥረጊያ ወይም የጭማቂ መፍጫ በሣጥኑ ላይ «5 ኤች.ፒ.» የሚል ቢሆን፣ ቍጥሩ ለቅጽበት የታየ ወይም ለማስታወቂያ የተጻፈ እንጂ ዕቃው ዘወትር የሚሠራበት ጉልበት ሊሆን አይችልም። እንዲህ ያለውን ቍጥር ለደንበኛ እየደገመ የሚናገር ባለሱቅ ያላለውን ነገር ዋስ እየሆነ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ያመጣው አዲስ ጥያቄ

በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የነዳጅ አውቶሞቢሎችን በሲ.ሲ. መጠናቸውና በዕድሜያቸው መድቦ ነበርና፣ ነጋዴው ዓይኑን በሲ.ሲ. ላይ ማድረግን ለመደ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን ሲሊንደር የሌለው፣ ስለዚህም ሲ.ሲ. የማይነገርለት የኤሌክትሪክ መኪና ዋናው የንግድ ዕቃ ሆኗል። በዚህም ምክንያት የሻጩ ንግግር ሁሉ በኪሎዋትና በኤች.ፒ. ላይ ወድቋል።

እዚህ ላይ መለየት የሚገባው፣ መኪናው ለጥቂት ሰከንድ የሚያወጣው ከፍተኛ ጉልበትና ሳይሞቅ ዘወትር ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት የተለያዩ መሆናቸውን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 85 የኤሌክትሪክ ሞተርን ከፍተኛ ጉልበትና ለ30 ደቂቃ የሚዘልቀውን ጉልበት ለየብቻው ያስለካል። ረጅም ዳገት ለሚወጣ መኪና ሁለተኛው ቍጥር ከመጀመሪያው ይልቅ ይጠቅማል፤ ማስታወቂያ የሚያወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ነው። በጎ ጎኑ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያቃጥልምና የደጋው ከፍታ እንደ ነዳጅ ሞተር ጉልበቱን አይወስድበትም።

በሳይንስና በሕክምና ዕቃ ላይ

በምሕንድስና «ኤች.ፒ.» ከፍተኛ ግፊት ማለት ነው፤ ተቃራኒው «ኤል.ፒ.»፣ ዝቅተኛ ግፊት፣ ነው። በእንፋሎት ቧንቧ፣ በጎማ ቱቦና በጋዝ መቆጣጠሪያ ላይ የሚታየው ይህ ነው። የቤት ምድጃ ዝቅተኛ ግፊት ያለውን መቆጣጠሪያ ሲፈልግ፣ ትልልቅ የማብሰያ እሳቶች ደግሞ ከፍተኛውን ይፈልጋሉ። ሁለቱ ዕቃዎች በመልክ ስለሚቀራረቡ፣ በመደርደሪያ ላይ ሳይለዩ የሚያስቀምጣቸው ባለሱቅ በደንበኛው ቤት እሳት ሊያስነሣ ይችላል። «ኤል.ፒ.» የተባለውም ቢሆን «ኤል.ፒ.ጂ.» ከሚባለው ፈሳሽ ጋዝ ስም ጋር ሊምታታ አይገባውም።

በአየር ግፊት መለኪያ ላይ ደግሞ በትንሿ «ኤች» እና በትልቁ «ፒ» ተጀምሮ በትንሿ «ኤ» የሚጨርስ ምልክት አለ፤ እርሱ ሄክቶፓስካል ሲሆን 100 ፓስካል ማለት ነው። በሳይንስ አጻጻፍ የፊደሉ ትልቅነትና ትንሽነት ትርጉም ይለውጣል፤ ትንሿ «ኤም» ከዋት ጋር ሚሊዋት፣ ትልቁ «ኤም» ሜጋዋት ነው፤ በመካከላቸውም የሺህ ሚሊዮን እጥፍ ልዩነት አለ። በትልቅ ፊደል ብቻ የሚጽፍ ታይፒስት ይህን ሁሉ ያጠፋል።

የሕክምና ዕቃ አስመጪዎች «ኤች.ፒ.» የሚል ሣጥን ሲያዩ ብዙውን ጊዜ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ተሕዋስ መመርመሪያ ነው። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የጨጓራ ቍስል ከዚህ ተሕዋስ ጋር የተያያዘ መሆኑን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አስረድተው፣ በ2005 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እዚህ ላይ ከኤች.ፒ. ቀጥሎ የሚመጡት ሁለት ፊደላት ይበልጥ ይጠነቀቁላቸዋል። «ኤ.ጂ.» ያለው መመርመሪያ ተሕዋሱ ራሱ መኖሩን ሲያሳይ፣ «ኤ.ቢ.» ያለው ግን ሰውነት በአንድ ወቅት የሠራውን መከላከያ ያሳያል፤ ይህ ደግሞ ሕመሙ ካለፈ በኋላም ሊገኝ ይችላል። ሆስፒታሉ አንደኛውን አዝዞ ሁለተኛው ቢመጣለት፣ የዳነ ሰው እንደገና መድኃኒት እንዲወስድ ሊታዘዝ ይችላል። የአንዲት ፊደል ስሕተት እስከ በሽተኛው አልጋ ትደርሳለች ማለት ነው።

በጨዋታ ዕቃ ላይ

የጨዋታ ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች በዝተዋልና ባለሱቁ ይህንንም ትርጉም ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በ1974 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ ባወጡ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ተዋጊ እስኪወድቅ ድረስ ስንት መመታት እንደሚችል በቍጥር ተመደበለት። ይህ ቍጥር በእንግሊዝኛ «ሂት ፖይንትስ» ይባላል፤ አሕጽሮቱም «ኤች.ፒ.» ነው። ከዚያም ወደ ኮምፒዩተር ጨዋታዎችና በ1996 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በጃፓን መሸጥ ወደ ጀመሩት የፖኬሞን ካርዶች ተሻገረ። በካርዱ ራስጌ ላይ «60 ኤች.ፒ.» ቢል የተዋጊውን ጽናት መናገሩ እንጂ ዋጋውን ወይም ብርቅነቱን መናገሩ አይደለም። በመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ግን ያው ፊደል ወደ ፈረስ ጉልበት ይመለሳል።

የፋብሪካ ስም፣ የማጣፈጫ ስምና የውል ስም

በጽሕፈት መሣሪያ ንግድ «ኤች.ፒ.» በ1939 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ቢል ሂውሌትና ዴቭ ፓካርድ በካሊፎርኒያ የመሠረቱት ድርጅት ስም ነው። ይህ ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ለሁለት ስለ ተከፈለ፣ የጠረጴዛ ኮምፒዩተርና ማተሚያ የሚሸጠው አንደኛው፣ ለትልልቅ ድርጅቶች የኮምፒዩተር ዕቃ የሚያቀርበው ሌላኛው ነው። መለዋወጫ ወይም ዋስትና የሚጠይቅ ነጋዴ ደብዳቤውን ለየትኛው እንደሚልክ ማወቅ ይኖርበታል። በምግብ መደብርም «ኤች.ፒ.» ተብሎ የሚጠራ ከእንግሊዝ አገር የተነሣ ማጣፈጫ አለ፤ በ1895 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ስሙ የተመዘገበ ሲሆን፣ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራው በኔዘርላንድ ነው። ስለዚህ «የእንግሊዝ ሥሪት» ብሎ የሚጽፍ አስመጪ የተሳሳተ የአገር ምንጭ መስጠቱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያስከትለው ግን «ሃየር ፐርቼዝ» የተባለው የውል ዓይነት ነው። በእንግሊዝ አገርና ሕጓን በተከተሉ አገሮች «በኤች.ፒ. የተገዛ» የሚባለው ዕቃ፣ ገዢው በየወሩ ኪራይ እየከፈለ የሚገለገልበትና የመጨረሻው ክፍያ እስኪፈጸም ድረስ ባለቤትነቱ በገንዘብ ድርጅቱ እጅ የሚቆይ ነው። ከተራው የዱቤ ሽያጭ የሚለየው በዚህ ነው፤ በዱቤ ሽያጭ ዕቃው የገዢው ሆኖ የሚቀረው ዕዳው ብቻ ነው።

ያገለገለ ማሽን ከዚያ አገር የሚገዛ ነጋዴ፣ ሻጩ በእጁ የያዘው ዕቃ የራሱ ላይሆን እንደሚችል ማሰብ አለበት። በ1964 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በቅንነት የገዛውን ሰው የሚጠብቀው ሞተር ተሽከርካሪን በሚመለከት ብቻ፣ ያውም ገዢው ነጋዴ ካልሆነ ነው፤ ነጋዴ ግን ራሱ አጣርቶ መግዛት እንደሚገባው ተቈጥሮበታል። ስለዚህ «50 ኤች.ፒ.፣ ከኤች.ፒ. ነጻ» የሚል ማስታወቂያ ቢታይ የመጀመሪያው ስለ ጉልበት፣ ሁለተኛው ስለ ዕዳ የሚናገር መሆኑን መረዳት ይገባል።

ምን ይደረግ?

ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣውና ከሐምሌ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የመተማመኛ ሰነድ ደንብ፣ ባንኮች የሚመረምሩት ሰነድን እንጂ ዕቃን አይደለም። ይህ ማለት ሰነዱ ከተስማማ፣ ዕቃው ሌላ ቢሆንም ባንኩ ይከፍላል፤ ዕቃው ትክክል ሆኖ ሰነዱ ካልተስማማ ደግሞ ክፍያው ይቆማል። በሁለቱም ወገን ጋሻው የቃሉ ጥራት ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ለነጋዴዎቻችን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ጉልበት በሚነገርበት ውል ሁሉ ቍጥሩ በኪሎዋት ይጻፍ፤ ኤች.ፒ. ቢጨመርም ከኪሎዋቱ አጠገብ እንጂ ለብቻው አይቁም። ኪሎዋት በዓለም ሁሉ አንድ ነው።

ሁለተኛ፤ ጉልበቱ የሚሰጠው ይሁን የሚስበው፣ ዘወትር የሚዘልቀው ይሁን ለቅጽበት የሚታየው፣ በየትኛው የአለካክ ደንብ እንደተለካ ሻጩ በጽሑፍ ይግለጽ።

ሦስተኛ፤ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ወይም ጄኔሬተር ሲታዘዝ የሚተከልበት ስፍራ ከፍታ በትእዛዙ ውስጥ ይጠቀስ፤ ሻጩም በዚያ ከፍታ የሚሰጠውን ጉልበት አስልቶ እንዲመልስ ይጠየቅ።

አራተኛ፤ ቦይለርና አየር ማቀዝቀዣ በፈረስ አይታዘዙ፤ ቦይለር በሰዓት በሚሰጠው የእንፋሎት ኪሎግራም፣ ማቀዝቀዣም በማቀዝቀዝ ኃይሉ ይታዘዝ።

አምስተኛ፤ በፕሮፎርማው፣ በመተማመኛ ሰነዱ፣ በኢንቮይሱና በጉምሩክ መግለጫው ላይ ያው ቃልና ያው መለኪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጠበቅ፤ አሕጽሮተ ቃል ባለበት ሁሉ ሙሉው ቃል አንድ ጊዜ ይጻፍ።

ስድስተኛ፤ ባለሱቅ የሆነ ሰው በሣጥን ላይ ያለውን ፊደል ትርጉም ሳያረጋግጥ ለደንበኛ አይተርጕም። ደንበኛው የሚያምነው የፋብሪካውን ሣጥን ሳይሆን ፊት ለፊቱ የቆመውን ነጋዴ ነው።

ለላኪዎቻችንም ይኸው ምክር በተገላቢጦሽ ይሠራል። እኛ በደብዳቤያችን የምናሳጥራቸው ቃላት በባሕር ማዶው ገዢ ዘንድ ምን ተብለው እንደሚነበቡ አናውቅም፤ ለእኛ የጠራው ለእርሱ የደፈረሰ ሊሆን ይችላል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ሆኖም የሚወረሰው የተጻፈው ሲነበብና አንባቢዎቹ ሁሉ አንድ ትርጉም ሲሰጡት ነው። በትእዛዝ ወረቀት ላይ ሙሉውን ቃል ለመጻፍ የሚጠፋው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ ባለመጻፉ ምክንያት በወደብ ላይ የሚቆይ ዕቃ ግን በየቀኑ የመጋዘን ኪራይ ይቈጥራል።